የዳቦ ፋብሪካዬና ክቡርነቴ

እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ወረቀቱም እዚሁ ፊቴ ተቀምጧል። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ያው ወደ ኢሪፐብሊክ ዘመኔ ተመለስኩ፤ ተጫዋቾች አገር የሚመሩባት፣ ፋብሪካ የሚከፍቱባት የኢንተርኔት ጨዋታ ናት። አውቃለሁ፣ «አሁንም?» ትሉኛላችሁ። «ገበያው ያውቃል» ባልኩ ቁጥር የምትቆጥሩ ሰዎች እርሳሳችሁን አንሡ። ይቺን አንድ በሏት።

ስለ ምርጫው አልደግምላችሁም። እንደ ወትሮው ወሩ በገባ በ25 ነበር፤ ተወዳደርኩ፣ ምክር ቤት ገባሁ። ሁለት ቃል ገብቼ ነበር። አንደኛው ወደ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ የተጣለውን ቀረጥ መቀነስ፣ ሁለተኛው የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን መሻር። ቀረጡ አላስቸገረኝም። በጨዋታው ውስጥ በነበረችኝ ጋዜጣ የኢኮኖሚ ሊቁን የዴቪድ ሪካርዶን የ1817 ምሳሌ አብራርቼ ጻፍኩ። ፖርቱጋል ወይኑን በ80 ሰው፣ ጨርቁን በ90 ትሠራለች፤ እንግሊዝ ወይኑን በ120፣ ጨርቁን በ100። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች፤ ሆኖም ወይኗን ብቻ ሠርታ ጨርቁን ከእንግሊዝ ብትገዛ ሁለቱም ያተርፋሉ። እስቲ ይህን ውበት ተመልከቱ! እኔ ዛሬም ሳስበው ፈገግ እላለሁ። የመጀመሪያው አንባቢ ምን አለኝ? «ስለ ጦርነቱ የምትጽፈው መቼ ነው?»

ይሁን። ወደ ወለሉ ልመለስ።

አንድ ረቂቅ ሕግ ድምፅ የሚሰጥበት ለ24 ሰዓት ነው። እኔ እስከ መጨረሻው ሰዓት ቆየሁ። ለሰዎች «እያሰብኩበት ነው» እላቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን የመጨረሻዋን ድምፅ የምሰጠው እኔ እንድሆን ፈልጌ ነው። ሆነልኝም፤ ድምፁ እኩል ለእኩል ቆመ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከዳቦ ፋብሪካዬ ሠራተኞች አንዱ መልእክት ላከልኝ። ጨዋታውን ከጀመረ ሳምንት ቢሆነው ነው። ከልቡ «ክቡርነትዎ» የሚለኝ እርሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ እንኳን ሊያከብሩኝ ስሜንም አስተካክለው አይጽፉም። «ክቡርነትዎ፣ ወለሉ ከተሻረ ደመወዜን ይቀንሱብኛል?» አለኝ።

«ይህን የሚወስነው ገበያው ነው» ብዬ መለስኩለት። ከዚያም «እደግፋለሁ» የሚለውን ተጫንኩ።

በማግስቱ ገባሁና ደመወዙን ቀነስኩ።

ትናንት ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ደጋግሜ ያሰብኳት ይህችን ነው። ገበያው ይወስናል ስል ከእኔ ውጭ የሆነ፣ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ነገር ማለቴ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን በጣቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ጠዋት ሌላ ማንም የጻፈልኝ የለም። እኛ ቀጣሪዎች አልተስማማንም፣ አልተመካከርንም፤ ሁላችንም ግን አንዳችን የሌላውን የሥራ ማስታወቂያ እያየን ደመወዙን ይዘን ቁልቁል ወረድን። «ካልተስማማው ሌላ ቀጣሪ ጋ ይሄዳል» የሚለው ክርክሬ በወረቀት ላይ ያምር ነበር፤ የሚሄድበት ቀጣሪ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ለጥፏል። ደግሞም ሰውዬው ያኔ የሚሸጠው በቀን አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ አንድ ጊዜ «ሥራ» የሚለውን ይጫናል፣ አለቀ። ሪካርዶ ይህን... አይ፣ ሪካርዶን ለምን እወቅሳለሁ።

ደግሞ ቆይ፣ ራሴን ብቻ ልከስስ አይደለም። ወለሉ መጥፎ ነበር፤ ዛሬም እንዲያ ነው የማስበው። ክህሎት የሌለው አዲስ ተጫዋች በቀን የሚያመርተው ዳቦ ተሸጦ ወለሉን አይሸፍንም ነበር፤ ስለዚህ የሚቀጥረው ያጣል። ወለሉ ሲሻር ለጀማሪዎች የሚሆኑ ማስታወቂያዎች ብቅ አሉ፤ እኔም ሁለት ሰው ጨመርኩ። ስለዚህ ትክክል ነበርኩ። ትክክል ከነበርኩ ታዲያ እንቅልፍ የሚነሣኝ ምንድን ነው?

ምናልባት ሕጉ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት መልሴ ነው። «አዎ፣ እቀንስብሃለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ እንዲህ ነው» ብለው ኖሮ... ሰውዬው ከሁለት ቀን በኋላ ሥራ አልገባም። በሦስተኛውም አልገባም። መሰላቸት ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪዎች በየቀኑ ይተዉታል። ወይም ፈተና ይኖረው ይሆናል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን በ15 ለሚደረገው የፓርቲ ሊቀ መንበርነት ምርጫ ላይ ታች እል ነበርና ለምን ጠፋህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ጋዜጣዬ ላይ ስለ ነፃነት ረጅም ጽሑፍ አወጣሁ። አሥራ ሁለት አንቀጽ! ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ዛሬ ጠዋት ያንን መልእክት ልፈልገው ብዬ ነበር። መልሴን አንብቦት እንደሆነ ብቻ ለማየት። የይለፍ ቃሉ ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ፋብሪካው እስከ ዛሬ ካለም እኮ፣ የእርሱ ስም ከሠራተኞቹ ዝርዝር ላይ... አላውቅም። ባይከፈት ሳይሻል አይቀርም። ቆይ ግን፣ ያልሞከርኳት አንዲት ቃል ትዝ አለችኝ፤ በትልቁ ፊደል ነበር መሰለኝ የምትጀምረው፣ ከዚያ አንድ ቁጥር...