ልጁ ተመዝግቧል፣ ስሙ ግን ይቀየር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ከደወላችሁልን ብዙዎቻችሁ እንግሊዝ የምትኖሩ ወላጆች ናችሁ። ጥያቄያችሁ ስለ ልጅ ስም ስለሆነ አንድ ላይ ልመልስላችሁ። የምነግራችሁ ለእንግሊዝና ለዌልስ የሚሠራውን ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

ጥያቄ (እናት፣ ከለንደን)፦ ልጄን በ42 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ ነው ሲሉን ቸኩለን አንድ ስም አስገባን። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አያቷ ከአዲስ አበባ ሌላ ስም አወጡላት፤ አሁን ሁላችንም በሱ ነው የምንጠራት። ሰባት ወሯ ነው። መዝገቡ ላይ ይቀየራል?

መልስ፦ ይቀየራል እህቴ፣ ጊዜም አለሽ። በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣው የልደትና ሞት ምዝገባ ሕግ፣ በተመዘገበች በ12 ወር ውስጥ የተሰጣትን አዲስ ስም መዝገቡ ላይ ለማስገባት ይፈቅዳል። ከተወለደችበት ቀን ሳይሆን ከተመዘገበችበት ቀን ነው የሚቆጠረው። የምትሄጂውም ልደቷ ወደተመዘገበበት ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር)፣ ወደ ሬጅስትራሩ፣ ማለትም ወደ መዝጋቢው ነው።

ቅጹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ያጠመቋት ቄስ ወይም የጥምቀት መዝገቡን የያዘው ሰው ይፈርምበታል፤ ሌላው ስሙ በጥምቀት የተሰጠ ካልሆነ ወላጅ የሚፈርምበት ነው። የኛ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ቄሱ የሚፈርሙበት ቅጽ የሚይዘው በጥምቀት የተሰጠውን ስም ነውና ልጅቷ ወለተ ማርያም ተብላ ከተጠመቀች መንግሥት መዝገብ ላይ የሚገባው ወለተ ማርያም ነው፣ እናንተ የፈለጋችሁት ደግሞ አያቷ ያወጡላትን መጠሪያ ነው። ስለዚህ ምንም ከመሙላትሽ በፊት ለሬጅስትራሩ «የክርስትና ስሟ ሌላ ነው፣ መጠሪያዋ ሌላ ነው» ብለሽ አስረጂና የትኛው ቅጽ እንደሚሆንሽ ጠይቂ።

የድሮው ስም አይሰረዝም። ባለበት ይቀመጥና አዲሱ 17ኛው ሳጥን ውስጥ ይጻፋል። ረጅሙን የልደት ሰርተፍኬት ስታወጪ ሁለቱም ይታያሉ፣ አጭሩ ላይ ግን አዲሱ ብቻ ነው የሚወጣው። በዚህ መንገድ የሚቀየረው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፤ እንደ ቤተሰብ ስም የገባው የአባት ስም አይነካም። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አደራ፣ አባትም እናትም አያትም መጀመሪያ ቁርጥ አድርጋችሁ ተስማሙ።

ጥያቄ (አባት፣ ከሊድስ)፦ ልጃችን ጽዮን ናት። ጸሐፊዋ በላቲን ስትጽፈው «ቲ»ን ዘለለችው። ይሄም በዚሁ ያልቃል?

መልስ፦ ይሄ እርማት ነው የሚባለው፣ መንገዱ ሌላ ነው። ስህተቱ ያኔ ስትመዘገብ የተፈጠረ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በዚያን ሰሞን ስሟ በትክክል የተጻፈበት የጂፒ (የሠፈር ሐኪም) ወይም የሆስፒታል ወረቀት ካለህ ይዘህ ሂድ። ያኔ እናንተው እንደዚያ አጽፋችሁ አሁን አጻጻፉን ካልወደዳችሁት ግን ስህተት አይባልም፣ ለእህታችን የነገርኳት መንገድ ነው የሚሆንላችሁ። ገና ለማስመዝገብ የምትሄዱ ወላጆች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት!

ጥያቄ (እናት፣ ከበርሚንግሃም)፦ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። ረፍዶብኛል?

መልስ፦ መቼ ነው በአዲሱ ስም መጠራት የጀመረው? ሕጉ ስሙ ከተመዘገበ በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆኑን ነው የሚፈልገው እንጂ ቅጹን ከዚያ በኋላም ማስገባት ይቻላል። ያኔ በዚህ ስም የተሰጠ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት ወይም የመዋያ ምዝገባ ካለሽ ይዘሽ ጠይቂ፣ ተስፋ አለሽ። ስሙ የወጣለት ከተመዘገበ ዓመት ካለፈው በኋላ ከሆነ ግን የሚቀርሽ ዲድ ፖል፣ ማለትም ስም መቀየሩን የሚገልጽ ሕጋዊ ሰነድ ነው። ለዚህ በልጁ ላይ የወላጅነት ኃላፊነት ያላቸው ሁሉ መስማማት አለባቸው፣ አንዱ እንቢ ካለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዲድ ፖል ፓስፖርቱን ታስቀይሪያለሽ፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ግን እንደነበረ ይቆያል። ሁለቱን ወረቀት አብረሽ አስቀምጪ፣ ትምህርት ቤትም ሌላም ቦታ አብረው ይጠየቃሉ።

ጥያቄ (አድማጭ፣ በመልእክት)፦ እህቴ ኢትዮጵያ ያስመዘገበችው ልጅስ?

መልስ፦ እዚያ የልደት ምዝገባ ጊዜው 90 ቀን ነው። ስም መቀየር ደግሞ በፍርድ ቤት በኩል ነው፤ የወረዳው መዝጋቢ በራሱ ሥልጣን አይለውጥም። ወላጅ ስሙ የሚቀየርበትን በቂ ምክንያት ጽፎ ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ውሳኔውን ይዛ ልጁ ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች።