አጥንት አፍራሾቹ ደማችን ውስጥ ነው የሚዞሩት

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ስለ አጥንት መሳሳት ነው የማወራችሁ፣ ግን የምጀምረው ከደም ነው፣ አዎ ከደም፣ ቆይ ታገሱኝ።

አክስቴ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርድ አዳልጧት በእጇ ተደግፋ ወደቀች። ከቁመቷ ነው የወደቀችው፣ ከፎቅ አይደለም፣ ግን የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ አርገውላት ሸኟት፣ አንድም ሰው አጥንትሽ ይታይ አላላትም። እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ያረጠች ሴት ከቁመቷ ወድቃ ከተሰበረች ያ ራሱ ምልክት ነው፣ ትልቅ ምልክት!

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አደባባይ ዳር የቆሙትን የቀን ሰራተኞች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? አካፋ የያዘ አለ፣ መዶሻ የያዘ አለ፣ ገና ስራ የላቸውም፣ ካቦ እስኪመጣ ነው የሚጠብቁት። ካቦው ይመጣና «ዛሬ ማፍረስ አለ!» ይላል፣ ተያይዘው ይሄዳሉ። ደማችን ውስጥም ልክ እንደዛ ነው። ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፣ ሲዞሩ ይውላሉ፣ ራንክል የሚባል ፕሮቲን ካቦ ሆኖ ሲጠራቸው የተወሰኑት አጥንት ላይ ይወርዳሉ፣ እና እዚህ ጋ ነው የሚገርመው፣ ብዙ ሆነው እርስ በርስ ይዋሃዱና አንድ ትልቅ ሴል ይሆናሉ። ደቦ ወጥተው አንድ ሰው ሆነው ቀሩ በሉት! ያ ትልቅ ሴል ኦስቲዮክላስት ይባላል፣ ስራው አሮጌ አጥንት ማፍረስ ነው፣ ከኋላው ግንበኞቹ ኦስቲዮብላስቶች ይመጣሉ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ ማፍረስ ቶሎ ነው መገንባት ነው ጊዜ የሚፈልገው፣ አጥንት ላይም አንዷን ቦታ ለማፍረስ ሳምንታት ይበቃሉ መልሶ ለመገንባት ግን ወራት ይፈጃል። ሴት ስታርጥ ደግሞ ካቦውን ይይዘው የነበረው ኢስትሮጅን ይቀንሳል፣ ጥሪው ይበዛል፣ ግንበኞቹ አይደርሱበትም።

ዴክሳ የሚባለው፣ በራጅ የአጥንትን ጥግግት የሚለካው ምርመራ፣ የህንጻው ፎቶ ነው። ዳሌና ወገብ ይነሳል፣ ቲ ስኮር፣ ማለት አጥንታችሁ ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ሲወዳደር የሚወጣው ቁጥር፣ -2.5 ወይም ከዛ በታች ከሆነ አጥንት ሳስቷል ይባላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው መስመር ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፣ ግን ብዙ ሰው መስመሩ ላይ ሳይደርስ ይሰበራል። ፎቶው ስንት ግድግዳ እንደቀረ ያሳያል፣ አፍራሾቹ ምን ያህል ጉልበተኛ እንደሆኑ አያሳይም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ምን አሉ፣ ለምን ሰራተኞቹን ራሳቸውን አንፈትንም? ደም ይቀዳል፣ ሞኖሳይቱ ይለያል፣ ኤም ሲኤስኤፍ የሚባል ሴሉን በህይወት የሚያቆይ ፕሮቲን እና ካቦው ራንክል ይሰጠዋል፣ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ኦስቲዮክላስት ይሆናል፣ ስስ የአጥንት ቁራጭ ላይ ይቀመጥና የቆፈረው ይለካል፣ በቃ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ ጥናት በዚህ መንገድ ሄዶ፣ እድሜያቸው ከገፋና ካረጡ ሴቶች የተወሰዱት ሴሎች ከሰውነት ወጥተው እኩል ምግብ እየተሰጣቸውም አጥንቱን የበለጠ እንደሚበሉ አገኘ። ማለት ሴሉ ራሱ ገና ደም ውስጥ እያለ ተቀይሯል!

እሺ፣ አሁን ኮመንት ላይ ያስጨነቃችሁኝ ነገር። «ደሜን ተመርምሬ ካልሲየምህ ኖርማል ነው ስላሉኝ አጥንቴ ደህና ነው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ኧረ አይደለም! ሞሰቡ ላይ እንጀራ አለ ማለት ጎተራው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ከካልሲየማችን 99 በመቶው ያለው አጥንት ውስጥ ነው፣ ልብና ጡንቻ ደግሞ ደም ውስጥ ያለችው ትንሿ እንድትዛነፍ አይፈልጉም። ስለዚህ ደም ውስጥ ቀነስ ስትል አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትናንሽ እጢዎች ሆርሞን ይለቁና ከአጥንት ተቀንሶ ደም ይሞላል። ጎተራው እየተራገፈ ሞሰቡ ሁሌ ሙሉ ነው፣ ገባችሁ? አጥንቱ ሳስቶም የደም ካልሲየም ኖርማል ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነው የሚለው። አክስቴንም ያዘናጋት ይቺው «ኖርማል» የምትል ወረቀት ናት።

ሲቢሲስ፣ ያ የደም ሴሎችን የሚቆጥረው የተለመደ ምርመራስ፣ ያላችሁም አላችሁ። ሲቢሲ ሞኖሳይት ይቆጥራል እንጂ ጉልበቱን አይለካም። ሀኪም የሚያዘው ሌላ በሽታ እንዳይኖር ነው፣ ለምሳሌ ማልቲፕል ማይሎማ የሚባለው ካንሰር አጥንትም ይበላል ደም ማነስም ያመጣል። ሲቲኤክስ የሚባል የደም ምርመራ ደግሞ አለ፣ እሱ የፍርስራሹን አቧራ ነው የሚለካው፣ በጠዋት ምግብ ሳይበላ ይሰጣል፣ ይበልጥ የሚጠቅመው መድሃኒት የጀመረ ሰው መድሃኒቱ እየሰራለት እንደሆነ ለማየት ነው።

የሞኖሳይቱ ፈተና ገና የተመራማሪዎች ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ክሊኒክ ሄዳችሁ አትጠይቁ፣ አታገኙትም። የተሰበረች እናት ወይ አክስት ካለቻችሁ ግን ዛሬውኑ ስለ ዴክሳ ጠይቁላት፣ ቪዲዮውንም ላኩላት፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። የአክስቴ ቀጠሮ ሐሙስ ነው፣ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ።