አዋሽ የት ነው የሚያልቀው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ፊት ለፊቴ ደግሞ አንድ ትልቅ የግድግዳ ካርታ አለ። ሰሞኑን እሱ ላይ ተጥጄ ነው የከረምኩት። ቤተሰቡም ታዝቦኛል።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እንጦጦ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጋራው አናት ላይ ስትቆሙ በደቡብ በኩል አዲስ አበባ ተዘርግታ ትታያለች። በሰሜን በኩል ሱሉልታ ነው። ክረምት ላይ እዚያ አናት ላይ የሚጥለው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሱሉልታ በኩል የወረደው ሙገርን ይዞ አባይ ይገባል። ከዚያ ካርቱም፣ አስዋን፣ ካይሮ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። በከተማው በኩል የወረደውስ? በቀበና ወይም በሌላ ወንዝ አድርጎ አቃቂ ይገባል። አቃቂ ደግሞ አዋሽን ይቀላቀላል።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። አዋሽስ የት ይገባል?

ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው አቅርቤዋለሁ መሰላችሁ። ብዙው ሰው ትንሽ ያስብና «ጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕር ይገባል መሰለኝ» ይላል። መልሱ ግን «የትም አይገባም» ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ጊንጪ አካባቢ ይነሳል፤ ቆቃን፣ ወንጂን፣ መተሐራን፣ አዋሽ አርባን፣ አሳይታን እያለ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ የጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። እዚያው ያልቃል፤ ከአቤ የሚወጣ ወንዝ የለም። ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ከጣለው ዝናብ የተረፈው እዚያ ይደርስና ወደ ሰማይ ይተናል።

ምክንያቱ ከባድ ፊዚክስ አይደለም። ዝቅተኛው አፋር ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይዋ ከሐይቅ ላይ የምታነሳው ውሃ ግን በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ወንዙ የሚያመጣውና ፀሐይ የምትወስደው እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሐይቁ ይሰፋል ወይም ይጠባል። አቤ ዳር ከጥንቱ ሐይቅ የቀሩ የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ። አንዳንዶቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ድሮ ውሃ ውስጥ፣ ከሥር የሚፈልቅ ፍልውሃ ያበጃቸው ናቸው። ዛሬ ደረቅ ሜዳ ላይ ቆመው አንዳንዶቹ አሁንም ይጨሳሉ። ሐይቁ አንድ ጊዜ የት ድረስ ከፍ ብሎ እንደነበር ከእነሱ ትገምታላችሁ።

የውጭ ሰዎች የአዋሽን መጨረሻ አይተው በትክክል የመዘገቡት ደግሞ ትናንት በሚባል ጊዜ ነው። አፋሮቹማ መቼም ያውቁታል፤ ቤታቸው ነው። አገር አሳሽ ነን ባዮቹ ግን እዚያ ለመድረስ ፈተና ነበረባቸው። በ1875 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የግብፅ ጦር ይዞ የገባው ሙንዚንገር ፓሻ አውሳ በሚባለው የአፋር ሱልጣን ግዛት ተገድሎ ቀርቷል። በኋላ አንድ ወጣት መጣ፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። በ1910 እዚሁ አዲስ አበባ፣ አባቱ በሚሠራበት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው። በ1933 ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። የአውሳው ሱልጣን ፈቃድ ሰጡትና አቤን አየ፤ በ1934 ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ታጁራ ወጣ። አስቡት፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም የምድር ዋልታዎች ተደርሶባቸው ነበር። የአዋሽ መጨረሻ ግን ካርታ ላይ ገና ግምት ነበር።

እሺ፣ አዋሽ ብቻውን ነው? አይደለም፤ እኔን ካርታው ላይ ያስጣደኝም ይኸው ነው። ከዓለም የብስ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ውሃው ወደ ውቅያኖስ የማይወጣ ነው። እንደ ሰሐራ ያሉ በረሃዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። የአውሮፓ ረጅሙ ወንዝ የቱ ነው? ዳኑብ ያላችሁ ተሳስታችኋል፤ ቮልጋ ነው። 3,530 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ካስፒያን ይገባል። ካስፒያን ስሙ ባሕር ነው እንጂ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት የተፈጥሮ በር የለውም። ወለሉ እንኳ ሳይሆን የውሃው ፊት ራሱ ከባሕር ጠለል 28 ሜትር ገደማ በታች ነው። ስፋቱ የኢትዮጵያን አንድ ሦስተኛ ያክላል። የሩሲያ የጦር መርከቦች ከዚያ ወጥተው ጥቁር ባሕር የሚደርሱት በ1952 በተከፈተው የቮልጋ ዶን ቦይ ነው፤ በሰው እጅ በተቆፈረ መንገድ።

ባሕር ነው ሐይቅ የሚለው ክርክር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከሥሩ ዘይትና ጋዝ አለ። ባሕር ከሆነ እያንዳንዱ አገር በባሕር ዳርቻው ርዝመት ልክ ይወስዳል። ሐይቅ ነው ከተባለ እኩል የመካፈል ጥያቄ ይነሳል። ኢራን የእኩል ድርሻ ወዳዱ ናት፤ ዳርቻዋ አጭር ነዋ። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ካስፒያንን የሚያዋስኑት አምስቱ አገሮች ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከሩ። በመጨረሻ በ2018 ካዛኽስታን ውስጥ አክታው ላይ ስምምነት ፈረሙ። ምን አሉ መሰላችሁ? በጥቅሉ ባሕርም ሐይቅም አይደለም፣ የራሱ ሕግ ያለው ውሃ ነው አሉ። የዲፕሎማት ነገር!

ወደ እኛው ሰፈር ልመለስ። ዋቢ ሸበሌ ከሁሉም ያሳዝነኛል። ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ይነሳል፤ ኦጋዴንን ያቋርጣል፤ ሶማሊያ ይገባል። ቀጥ ብሎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲወርድ ሞቃዲሾ አካባቢ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። በቃ ደረሰ ስትሉ ይታጠፋል። በባሕሩ ዳር የተከመረው የአሸዋ ኮረብታ አያሳልፈውም። ከዚያ ባሕሩን በግራ ጎኑ አድርጎ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በመጨረሻም ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ዝናቡ የጠገበ ዓመት ላይ ብቻ ከጁባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሕሩን ያገኛል። ጁባ ደግሞ ማን ነው? የእኛው ገናሌ ነው። ሁለቱም ከአንድ አካባቢ ተራሮች ተነስተው አንዱ ይደርሳል፣ አንዱ ደጃፉ ላይ ይቀራል።

ኦሞም ያው ነው፤ ቱርካና ገብቶ ይቀራል። ቱርካና ከሚያገኘው ውሃ ብዙውን የሚያመጣው እሱ ነው። የሚገርመው ሐይቁ ውስጥ የአባይ ዓሣዎች አሉ፤ ናይል ፐርች፣ አዞውም ጭምር። ከሺህ ዓመታት በፊት፣ አካባቢው እርጥብ በነበረበት ዘመን፣ ሐይቁ ሞልቶ እየፈሰሰ ወደ አባይ ይወርድ ስለነበር ነው። መንገዱ ተዘጋ፤ ዓሣዎቹ እዚያው ቀሩ።

አሁን ግን አንዱን ወንዝ በደንብ ላሳያችሁ፤ የምወደው እሱን ነው። ኦካቫንጎ። አንጎላ ደጋ ላይ ይነሳል፣ ናሚቢያን ቆርጦ ቦትስዋና ይገባል። እዚያ ካላሃሪ አሸዋ ላይ እንደ እጅ ጣት ይዘረጋና ያልቃል። ዝናቡ አንጎላ ላይ የሚጥለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። መሬቱ በጣም ሜዳ ስለሆነ ውሃው እያዘገመ ወራት ይፈጅበታል። ዴልታው የሚሞላው ሰኔ፣ ሐምሌ ላይ ነው፤ ይኸውም የቦትስዋና ደረቅ ወቅት ነው። አካባቢው ሁሉ ሲደርቅ ወንዙ ይሞላል። ዝሆኑ፣ ጎሹ፣ ሁሉም ወደዚያ ይተማል። በ2014 ዩኔስኮ ሲመዘግበው የዓለም ቅርስ ዝርዝር አንድ ሺህኛው ሆኗል።

ቆይ፣ እዚህ ላይ የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ። ወንዝ ሁሉ ጥቂት ጨው ይዞ ይወርዳል፤ ከድንጋዩ እያጠበ። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። እሳት ላይ የተረሳ ድስት ውስጥ ያለ መረቅ ሲተን ምን እንደሚተርፍ ታውቃላችሁ። አቤ ጨዋማ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሙት ባሕርም እንደዚሁ። ኦካቫንጎስ? ከሚገባው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ እዚያው ይተናል ወይም ዛፍ ይጠጣዋል። ታዲያ ውሃው እንዴት ይጠጣል? ለምን ጨው አልሆነም?

መልሱ ደሴቶቹ ውስጥ ነው። ዴልታው ላይ በጣም ብዙ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ብዙዎቹን የጀመራቸው ምስጥ ነው። ምስጥ ኩይሳ ይሠራል፤ ጎርፍ ሲመጣ ኩይሳው አናት ደረቅ ይሆናል፤ ወፍ መጥታ ዘር ትጥልበታለች፤ ዛፍ ይበቅላል። ዛፎቹ ዙሪያውን ከበው ውሃውን ከሥር ይመጥጡታል። ጨዉ ግን ሥራቸው ጋ ይቀራል፤ እየተጠራቀመ ወደ ደሴቱ መሐል ይሰበሰባል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ሲታይ ደሴቱ ጠርዙ አረንጓዴ ቀለበት ነው፤ መሐሉ ምንም የማያበቅል ነጭ ራሰ በራ። ጨዉ እዚያ ታስሯል። ውጭ ያለው ውሃ ጣፋጭ እንደሆነ ይቀጥላል። ምስጥና ዛፍ ተጋግዘው የሠሩት ማጣሪያ ነው እንግዲህ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ምስጥ ክፉ መናገር ከብዶኛል። የቤቴን በር የበላብኝን ሳይጨምር።

አዋሽ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ ቆሻሻውን ይዞለት ይሄዳል፤ ጥሩ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። በር የሌለው ወንዝ ውስጥ የገባ ነገር ግን እዚያው ነው የሚቀረው። አቃቂ የአዲስ አበባን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ አዋሽ ይገባል። ከታች ወንጂ በ1954 የተጀመረው ሸንኮራ አለ፤ የመተሐራው አለ፤ ከዚያም ጥጡ። ቆቃ ግድብ በ1960 ከጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠራ፤ እምቦጩም ተከትሎ መጣ። አሚባራ አካባቢ በመስኖ የለማ መሬት ጨው አውጥቶ የተተወ አለ። መስኖ ሲበዛና ውሃው የሚወጣበት ሲያጣ፣ ከሥር ያለው ጨው ወደ ላይ ይወጣል።

ድሬዳዋ በመኪና የሄደ ሰው መተሐራ ላይ ያየውን ያስታውሳል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር የተዘረጋ ውሃ፣ አስፋልቱን ከዳርና ከዳር የያዘ። ያ በሰቃ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ዓለም በሚጠፉ ሐይቆች ሲጨነቅ፣ የመካከለኛው እስያው አራል ሐይቅ ደርቆ መርከቦቹ አሸዋ ላይ ሲቀሩ፣ የእኛው በተቃራኒው መንገድና ሐዲድ እየዋጠ ያድጋል። ምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ የመስኖ ውሃ ከመሬት በታች ሰርጎ ነው የሚል አለ፣ ከሥር የሚፈልቀው ፍልውሃ ነው የሚልም አለ። ውሃው ጨዋማ ነው። እንዳይስፋፋ ተብሎ ደግሞ በልክ በልኩ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። ከታች ያለው አፋር ይጠጣዋል፣ ከብቱም ይጠጣል። እኔ በዚህ ደስ አይለኝም፤ ሌላ ቀላል መፍትሔ አለ ብዬም አላታልላችሁም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልልቀቃችሁ። ከአቤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ጅቡቲ ውስጥ፣ አሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች ነው፤ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ ወደ አሥር እጥፍ ነው። አሳልን የሚመግበው ወንዝ ሳይሆን ባሕሩ ራሱ ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ጋ ዳሎልም ቀይ ባሕር ድሮ ገብቶ የደረቀበት ነው። የጨው ንጣፉ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው፤ አሞሌው የተቆረጠው ከዚያ ነው። በ2005 መስከረም ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ፤ ሰፊው ቦታ ላይ 8 ሜትር ተከፈተ። የሥነ ምድር ሰዎች ይህ ስንጥቅ ቀስ እያለ ሰፍቶ ባሕሩ አንድ ቀን አፋር ይገባል ይላሉ። በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው፤ ቦታ ለመግዛት አትቸኩሉ። ያኔ አዋሽ ምንም መንገድ ሳይጨምር ባሕሩ ራሱ መጥቶ ያገኘዋል ማለት ነው።

በሉ፣ ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ አለኝ። ደህና ሰንብቱ።