ድንበሩ ይቆየን፣ በዓሣው እንስማማ

እንደምን አረፈዳችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም!

ከሐይቅ ከተማ የመጣችሁ አስጋሪዎች፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ የዓሣ ነጋዴዎች፣ የደሴ እናቶችና አባቶች፣ ተማሪዎች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ ኅዳር 12 ነው፤ የዓለም የዓሣ ሀብት ቀን። አዘጋጆቹ «አገሮች የጋራ ባሕራቸውን ዓሣ እንዴት አብረው እንደሚያስተዳድሩ ንገረን» ብለውኝ ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ውስጤ የቆየውን ነገር ካላወጣሁ ንግግሬ አይሄድልኝም።

እኛ አገር ባሕር ሲነሣ የሚወራው ስለ ወደብ ብቻ ነው። ኮንቴይነር፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ የመርከብ ኪራይ። ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ደረቅ ወደብ ያለበት የኮምቦልቻ ሰው ይህን አይክድም። ውኃው ውስጥ ያለው ዓሣስ? አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ይህንኑ ጠየቅሁ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ «ባሕር ሳይኖረን ስለ ባሕር ዓሣ ምን አገባን?» አሉና ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬ የመጣሁት ያን መልስ ለመመለስ ነው። ያገባናል!

እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ የአሰብ መንገድ ልጆች ናችሁ? አባቶቻችሁ ኤንትሬ መኪናቸውን ጭነው ከኮምቦልቻ ይነሣሉ፤ ባቲ፣ ሚሌ፣ ዲቾቶ፣ ቡሬ እያሉ አሰብ ይገባሉ። ገሚሶቻችሁ እዚያው ተወልዳችኋል። በ1983 ስንቱ ቤቱን ዘግቶ፣ ስንቱ እቃውን በትኖ እንደተመለሰ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የእኔም ልጅነት እዚያ ነው፤ ካምቦ ሱዳን የሚባለው የአሰብ ሰፈር። ጎረቤታችን የአፋር አስጋሪ ነበሩ። ትምህርት በማይኖርበት ቀን እየተከተልኳቸው ወደ ባሕሩ ዳር እወርዳለሁ። ከማዶ፣ ከየመን ሞካ በኩል፣ ሳንቡክ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ይመጣሉ። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ። አንዱ በዐረብኛ ይጀምራል፣ ሌላው በአፋርኛ ይመልሳል፣ ዋጋ ላይ ሲደርሱ አማርኛም ይገባበታል። ውኃ ያለቀበት ውኃ ያገኛል። ነፋስ ሲበረታ ሁሉም ሐኒሽ ደሴቶች ሥር ተጠልሎ አብሮ ያድራል። የማን ደሴት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ቀን ጠብ ተነሣ። አንድ የየመን ሳንቡክ በሌሊት ሲያልፍ የጎረቤታችንን መረብ ቀዶት ሄደ። ጎረቤታችን ተቆጡ፤ ልጆቻቸውም ድንጋይ ይዘው ወጡ። ሳንቡኩ ሲመለስ ነገሩ ደም ሊያፋስስ ነው ብለን ፈራን። ከዚያ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የባሕር ሰው መጡና ሁለቱንም አሸዋው ላይ አስቀመጧቸው። መረቡ ተዘረጋ። ቀዳዳው በክንድ ተለካ። «አንተ መብራት ነበረህ ወይ? አንተስ መረብህን የት ጣልክ?» እየተባለ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተከራከሩ። የእኛ ሰው መረባቸውን ሳንቡክ የሚያልፍበት ላይ መጣላቸው ታወቀ። የመናዊውም መብራት አልነበረውም። ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹን መረብ የመናዊው በክር ተካ፣ ግማሹን ጎረቤታችን ራሳቸው ጠገኑ። በበነጋው አብረው ወጡ። ወሎ ውስጥ ሽምግልና ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። እኔ ግን ልብ በሉልኝ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ድንበሩን አላነሡም። ያነሡት መረቡን ነው።

ከዓመታት በኋላ መንግሥታቱ ድንበሩን አነሡት። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ተዋጉ። ሰው ሞተ። ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ሄደ፤ በ1998 አብዛኛው የሐኒሽ ደሴት ለየመን፣ የተወሰኑ ትናንሽ ደሴቶች ደግሞ ለኤርትራ ተወሰኑ። ዳኞቹ በዚያ አላቆሙም፤ የሁለቱም አገር ባህላዊ አስጋሪዎች እንደ ድሮው ገብተው የማስገር መብታቸው ይጠበቅ አሉ። በ1999 የባሕሩ ወሰን ሲሰመርም መስመሩ ይህን መብት እንደማይቆርጠው፣ አስጋሪው ማዶ ወደብ ገብቶ ዓሣውን መሸጥ እንደሚችል ተናገሩ። አሸዋው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ያለ ወረቀት ያደረጉትን፣ ሰው ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤት በወረቀት አጸናው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን አስጋሪ መታሰሩ፣ ጀልባ መወረሱ አልቀረም። ፍርድ ብቻውን አይበቃም፤ በየጊዜው ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል።

ይቻላል ወይ? ይቻላል! ኖርዌይና ሶቪየት ኅብረትን እዩ። አንዷ የኔቶ አባል፣ ሌላዋ የዋርሶ ቃል ኪዳን መሪ፤ ሚሳኤል ተነጣጥረው ነበር የሚኖሩት። ባሬንትስ በሚባለው ባሕር ላይ ድንበራቸው አልተሰመረም። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ዓሣው ተስማሙ። በየዓመቱ ተቀምጠው ኮድ የሚባለው ዓሣ ስንት ይያዝ ብለው ይወስናሉ፤ ዋናውን ድርሻ እኩል ይካፈላሉ። ሶቪየት ፈርሳ፣ ድንበሩን ኖርዌይና ሩሲያ የተፈራረሙት መቼ ነው? በ2010! 35 ዓመት ሙሉ ድንበሩ ቆየ፣ የዓሣው ስምምነት ግን አልዘገየም። ኮዱም አልጠፋባቸውም። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ላይ ግን ያው ዓሣ መረብ በዝቶበት አለቀ፤ በ1992 ማስገር ሲታገድ 30 ሺህ የሚሆን ሰው ሥራ አጣ።

አሁን ደግሞ ወደ ድሆቹ ልምጣ። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ናውሩ የምትባል አገር አለች። መሬቷ በጠቅላላ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛን ሐይቅ ቢያህል ነው። በዙሪያዋ ቱና ሞልቷል። የሩቅ አገር ትላልቅ መርከቦች እየመጡ ይጭናሉ። አንዷ ደሴት ዋጋ ልጨምር ስትል መርከቡ «ጎረቤትሽ በርካሽ ትሰጠኛለች» ብሎ ይሄዳል። ጎረቤቲቱም ትሰጣለች። እንዲህ እየተፎካከሩ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ተሰብስበው የናውሩ ስምምነት የሚባለውን ፈረሙ። ዛሬ ስምንት ናቸው፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ኪሪባቲ፣ ሰሎሞን፣ ማይክሮኔዥያ፣ ማርሻል፣ ፓላው፣ ቱቫሉና ራሷ ናውሩ። ከ2007 ጀምሮ የሚሸጡት ቀን ነው። በዓመት ስንት የማስገሪያ ቀን እንደሚፈቀድ አብረው ይወስናሉ፣ ቀኑን ይከፋፈላሉ፣ መርከቡ ቀን ይገዛል። ከ8,000 ዶላር በታች ቀን አይሸጥም አሉ። ጎረቤት ጋ ቢሄድም ዋጋው ያው ነው! መርከቡ ላይ ታዛቢ ይቀመጣል። በ2010 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ገቢያቸው በጥቂት ዓመታት ወደ 500 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ገንዘብ ልጅ ያስተምራሉ። ጦር አላነሡም። ያደረጉት ነገር ቢኖር እርስ በርስ ዋጋ መሰባበር ማቆም ነው።

እኛ አካባቢስ? ሶማሊያ መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረሰ በኋላ ባሕሯ የማንም መርከብ መጫወቻ ሆነ። ዘራፊው ማን ነው? ከሩቅ የመጣው መርከብ አለበት። እኛ ጎረቤታሞቹ ስንጨቃጨቅ እሱ ይጭናል። ይህ ያናድደኛል፤ እናንተንም ሊያናድዳችሁ ይገባል!

«ባሕር ሳይኖረን» ላሉት ኃላፊ ደግሞ መልሴ ይኸው። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 69 ወደብ አልባ አገሮችን በስም ያነሣል። በአካባቢያቸው ያሉ የባሕር ዳር አገሮች ይዘው ከማይጨርሱት ትርፍ ዓሣ በፍትሐዊ መንገድ የመሳተፍ መብት አላቸው ይላል። እንዴት የሚለውን አገሮቹ ተስማምተው ይወስኑ ይላል። ተስማምተው! በጉልበት አይደለም፣ በልመናም አይደለም። ጅቡቲ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ የመን፣ ሱዳን ጋ ሄዶ «በዓሣችሁ ጉዳይ ጠረጴዛችሁ ላይ ወንበር ስጡን፤ እኛ ገበያ አለን፣ በረዶና መጋዘን እንሠራለን» ማለት ነውር አይደለም። ስለ ወደብ ሲወራ ጎረቤት ይደነግጣል። ስለ ዓሣ ብንጀምር ያዳምጠን ነበር ብዬ አምናለሁ። ኢጋድ ጅቡቲ ላይ ቢሮ አለው፤ እዚያ ይጀመር።

በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራብ ዳርቻ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ሲሼልስና ሌሎቹም እ.ኤ.አ. በ2012 በሕገ ወጥ ማስገር የተጠረጠሩ መርከቦችን መረጃ መለዋወጥ ጀመሩ። ሶማሊያም ነበረችበት። አንዱ ወደብ ያባረረውን ሌላው እንዳያስገባ ነበር። ጊዜ ስለሌለን እሱን ልለፈው።

የሐይቅ ልጆች፣ በመጨረሻ ወደ እናንተ ልመለስ። የእናንተም ውኃ የጋራ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የየትኛው ቀበሌ ነው? የሁሉም ነው። አንዱ ማኅበር ዓይነ ሰፊ መረብ ይዞ ሲወጣ ሌላው በሌሊት ጠባቡን ከጣለ፣ በመራቢያው ወቅት አንዱ ሲያርፍ ሌላው ካላረፈ፣ የሚያልቀው የሁላችሁም ነው። የማኅበራቱ ሊቀመንበሮች ሁላችሁም ዛሬ እዚህ አላችሁ። ምሳ ከመብላታችሁ በፊት ኋላ ያለው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ የመረቡን ዓይንና የዕረፍቱን ወራት ጽፋችሁ ፈርሙ። ወረቀቱንም ብዕሩንም እኔ ይዤ መጥቻለሁ።

አመሰግናለሁ።