ስምንት መቶ ሺህ ዓመትን በምን እንለካው?

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ አራት ኪሎ የተሰበሰብነው ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሺን» ልብ ወለድ አንባቢ የሚለውን ለመመዘን ነው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1895፣ ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በማሽን ዘመንን አቋርጦ የሚሄደው ተጓዥ እ.ኤ.አ. 802,701 ላይ ሲደርስ የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል፤ ከምድር በላይ ውብና ደካማ ኢሎዮች፣ ከምድር በታች ሞርሎኮች።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ «ሰው ይህን ያህል አይለወጥም» የሚል ነው። መለኪያው ቅርባችን አለ። ከዚህ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትሉ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ከእሷ እስከ እኛ ያለውን ዘመን ለአራት ብትከፍሉት አንዱ እጅ ልብ ወለዱ የተራመደው ርቀት ነው። በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የእኛው ዓይነት ሰዎች ቅሪቶች ደግሞ ዕድሜያቸው 200 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ 800 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ እኛን የሚመስል ሰው አናገኝም። እንግዲህ ወደፊት ቢለወጥ ምን ይገርማል?

ጠንካራው ትችት ሌላ ቦታ ነው። ተጓዡ የፈረሰ ሙዚየም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ክብሪት ያገኛል። ዌልስ ችግሩ አልጠፋውም፤ መጻሕፍቱን አበስብሶ፣ ክብሪቱን ግን አየር በማያስገባ ሣጥን፣ በቀላሉ የሚነድደውን ካምፎር በታሸገ ማሰሮ አስቀምጧል። ይህ ስለ ክብሪቱ መልስ ይሆናል፤ ስለ ሕንፃው ግን አይሆንም። ከአለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ800 ዓመት ገደማ መጠለያ አስፈልጓቸዋል። የልብ ወለዱ ዘመን የዚህ ሺህ እጥፍ ነው! ግድግዳው እንዴት ቆመ? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ መጽሐፉን በትክክለኛው ቦታ ይዞታል ብዬ አምናለሁ።

«የፀሐይዋ ነገር ስህተት ነው» የሚለው አስተያየት ግን የታተመበትን ዓመት ይዘነጋል። መጨረሻ ላይ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በኋላ፣ ቀይ ፀሐይ የሰማዩን አንድ አሥረኛ ያህል ሸፍና ትታያለች። በዘመኑ የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ የምትሞቀው በራሷ ክብደት እየተኮማተረች ነው ብሎ በማስላት ዕድሜዋን በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ወስኖት ነበር። ፀሐይን በእርግጥ የሚያሞቃት የኑክሌር ውህደት ገና አልታወቀም። ዛሬ ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት እንደሆነ፣ ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ እንደሚቀራትም እናውቃለን። ዌልስ የዘመኑን ሳይንስ በታማኝነት ተጠቅሟል።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ፣ የተጓዡን ግምት እንደ ደራሲው እምነት መጥቀስ ነው። ተጓዡ መጀመሪያ «ምቾት ሰውን አደከመው» ይላል። አንድ ሞርሎክ ወደ ምድር ውስጥ በጉድጓድ ሲወርድ ሲያይ ይህን ትቶ ኢሎዮች የጌቶች፣ ሞርሎኮች የሠራተኞች ዘር ናቸው ይላል። ኋላ ሞርሎኮች ኢሎዮችን እንደሚበሉ ሲረዳ ጌትነቱም ይገለበጣል። ከመጀመሪያው ግምት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዞ «ዌልስ እንዲህ ብሏል» ማለት መጽሐፉ ራሱ ያፈረሰውን መልሶ መገንባት ነው። ታሪኩን የሚነግረን ደግሞ ተጓዡ ሳይሆን ከእራት እንግዶቹ አንዱ መሆኑን አትርሱ።

ምዕራፍ ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ። የ1895ቱ የለንደን ዕትም 16 ምዕራፍና ድኅረ ታሪክ አለው፤ በኋላ የተዘጋጀው ዕትም ደግሞ 12 ነው። ስለዚህ የቀይዋ ፀሐይ ክፍል በአንዳችሁ እጅ 14ኛ፣ በሌላችሁ 11ኛ ምዕራፍ ውስጥ ይሆናል። በመጽሔት ሲወጣ የነበረ፣ ካንጋሮ መሳይ የሰው ዘሮች የሚታዩበት አንድ ክፍልም ከመጽሐፉ ተቆርጧል፤ «እኔ አላነበብኩትም» የሚል ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁጥሩን ትታችሁ ትዕይንቱን ብትጠሩ ሁላችንም እናገኘዋለን።

ውይይቱን ከፈረሰው ሙዚየም እንጀምር። ሕንፃው ሊቆም ይችላል የሚል ካለ ማይክሮፎኑን ይውሰድ።