ቀለሙን ቶሎ አትጣሉት

ሰላም፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ ጎበዞች። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ ለመጣችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ባለቀለም ፎቶን ጥቁርና ነጭ ስለማድረግ ነው።

መስከረም ላይ ጦሳ ተራራ ስር አደይ አበባ አንስቼ ነበር፣ ቢጫው ሳሩ ላይ በርቶ ልብ ይሰርቃል፣ ቤት ገባሁና ኮምፒውተር ላይ ፎቶሾፕ ከፍቼ ዲሳቹሬት የሚለውን፣ ቀለሙን በአንዴ የሚያጠፋውን ማለቴ ነው፣ ነካሁት፣ አበባው የለም! ሳሩም አበባውም አንድ አይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ አሉ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ለምን መሰላችሁ፣ ዲሳቹሬት ንጹህ ቀይን፣ ንጹህ አረንጓዴንና ንጹህ ሰማያዊን ሶስቱንም እኩል ግራጫ ነው የሚያደርጋቸው። አይናችን ግን እንደዛ አያይም፣ አረንጓዴ ከሰማያዊ በጣም ይበራበታል። ለዚህ ነው ድሮ ከቴሌቪዥን የመጣው ቀመር ከአረንጓዴው 59 ፐርሰንት፣ ከቀዩ 30፣ ከሰማያዊው 11 የሚወስደው። በዚህ ቀመር ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ተደምሮ ስለሆነ ከሳሩ በላይ ይበራል፣ አበባዬም ተመለሰችልኝ።

ደግሞ ይሄን ስሙኝ፣ የካሜራችሁ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ራሱ ቀለም አያውቅም፣ የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከላዩ ከተደረደሩት ጥቃቅን ፊልተሮች ነው፣ ኮዳክ ይሰራ የነበረው ብራይስ ቤየር በፈረንጆቹ 1976 ፓተንት ያገኘበት አደራደር፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ስለዚህ አንድ ባለቀለም ፎቶ ሲኖራችሁ ሶስት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጃችሁ አለ፣ እንዴት እንደምትቀላቅሉት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለፊት ነው። የኛ ቆዳ፣ ጠይምም ሆነ ጥቁር፣ ከሁሉ አብልጦ የሚመልሰው ቀዩን ብርሃን ነው። ጥቁርና ነጭ ማድረጊያው ውስጥ ብርቱካናማውን ስላይደር፣ የዛን ቀለም ብርሃን ከፍና ዝቅ የምታደርጉበትን ማለት ነው፣ ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ፊቱ ከውስጥ እንደበራ ይሆናል። ግን አታብዙት በናታችሁ፣ ከንፈርና ጉንጭ አንድ ይሆናሉ፣ ሰውየውም የራሱን መልክ ያጣል፣ የሰው መልክ ደግሞ አደራ ነው። ሰማያዊው ቻናል፣ ከሶስቱ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች የሰማያዊው ማለት ነው፣ ተቃራኒው ነው፣ ቆዳውን አጥቁሮ እያንዳንዷን መስመር ያወጣል። ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ሳነሳ እሱን ትንሽ ጨመርኩበት፣ ግንባራቸው ላይ ያለው ሁሉ ወጣ፣ በቀለሙ ጊዜ አይኔ በርበሬው ላይ ነበር የሚሄደው።

ሰማይ ላይ ሰማያዊውን ዝቅ ካደረጋችሁ ጦሳ ላይ ያለው ደመና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጄፔግ ፋይል ላይ ግን ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስላለ ብዙ ስትጎትቱት ሰማዩ ይሸረካከታል፣ በተራራው ጫፍ ነጭ መስመር ይወጣል። ጉም ሲሆን በቃ ተዉት፣ እሱ ድሮም ግራጫ ነው፣ ስላይደር አይሰራለትም።

ካሜራችሁ ሮው ካለው፣ ሴንሰሩ የለካውን እንዳለ የሚያስቀምጠው የፋይል አይነት ማለት ነው፣ ሮው አድርጉትና ስክሪኑን ሞኖክሮም (ጥቁርና ነጭ) ላይ አድርጉ፣ እያነሳችሁ በጥቁርና ነጭ ታያላችሁ፣ ፋይሉ ግን ቀለሙን እንደያዘ ይቀመጣል።

በሉ አሁን ስልካችሁን አውጡ፣ የአደይ አበባዋን ፎቶ በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ። ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ላይ ክፈቷት፣ ብላክ ኤንድ ዋይት ውስጥ ግቡና የቀለም ፊልተሩን መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቢጫ አድርጉት፣ አበባዋን እያያችሁ።