ከጀርባ ውሃ መወሰድ ሽባ ያደርጋል ወይ? የአድማጮች ጥያቄና የነርቭ ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወንድሜ በትኩሳትና በኃይለኛ ራስ ምታት ሆስፒታል ገብቶ ማጅራት ገትር ተጠርጥሯል። ለምርመራ ከጀርባው ውሃ ይወሰድ ሲባል ግን እናታችን «ልጄን ሽባ ታደርጉታላችሁ» ብለው ከለከሉ። እውነት ያሰጋል?

መልስ፦ ይህን ፍርሃት በየዕለቱ እሰማዋለሁ፤ ለእናትዎም ይህን ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል። ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአከርካሪ ቦይ ውስጥ የሚወርድ፣ እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነ፣ በአዋቂ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የነርቭ ገመድ ነው። ሆኖም እስከ አከርካሪው መጨረሻ አይደርስም። በፅንስነት ጊዜ ሁለቱ እኩል የነበሩ ቢሆንም፣ አጥንቱ ፈጥኖ ስለሚያድግ ገመዱ ወደ ላይ ይቀርና በአዋቂ ሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉት በፈሳሽ ውስጥ እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረጉ የነርቭ ሥሮች ናቸው።

መርፌው የሚገባው ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። ታማሚው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሲያጥፍ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ሐኪሙም የዳሌውን አጥንት ጫፍ በእጁ ዳስሶ ትክክለኛውን ቦታ ይለያል። የሚወሰደው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ አንጎል ይህንኑ ፈሳሽ በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚያመነጭ ቶሎ ይተካል። ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመር ወይም ደም ቶሎ ያለመርጋት ችግር መኖሩ ከተጠረጠረ ግን ሐኪሙ ያንን አስቀድሞ ያጣራል። ከማጅራት ገትር በኋላ ጆሮው የደነቆረ ወይም አካሉ የተጎዳ ሰው ስናይ መርፌውን እንወቅሳለን፤ ጉዳቱን ያደረሰው ግን ብዙውን ጊዜ በሽታው ነው። ስለዚህ እባክዎ ዛሬውኑ ያሳምኗቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ በስትሮክ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ንግግራቸው ግን ደህና ነው። ሐኪሙ የተጎዳው የቀኝ አንጎላቸው ነው አለን። አልተሳሳተም?

መልስ፦ አልተሳሳተም። ከአንጎል ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች አብዛኞቹ በአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ፤ በመሆኑም ቀኙ አንጎል ግራውን አካል ያዛል። ንግግርን በአብዛኛው ሰው የሚመራው የግራው አንጎል ነው። ይህንንም ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. አንድ ቃል ብቻ ይደጋግም የነበረ ታማሚ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ አሳይቷል። የአባትዎ ንግግር የተረፈውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ፊዚዮቴራፒውን ሐኪሙ እንደፈቀደ ሳትዘገዩ ጀምሩላቸው።

ጥያቄ፦ የጋለ ምጣድ ስነካ ማቃጠሉን ሳላውቀው እጄ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሕብለ ሰረሰር የአንጎልን ውሳኔ ሳይጠብቅ ራሱ ስለሚያዝ ነው። የሙቀቱ መልእክት ከጣትዎ ወደ ገመዱ እንደገባ፣ እጅን ወደሚያጥፈው ጡንቻ ወዲያው ትእዛዝ ይወጣል፤ ሕመሙን የሚያሳውቀው መልእክት አንጎል ሲደርስ እጅዎ ተነሥቷል። ይሁንና አንጎል ይህን ትእዛዝ መግታት ይችላል። ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ የሚፋጅ ድስት የያዙ እናት፣ እጃቸው እየተቃጠለ እንኳ ድስቱን ሳይለቁ መሬት የሚያስቀምጡት በዚህ ነው።